ከሸዋ በር የተገዛው ‹ሬሳ›

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይኼ ወሬ የተጀመረው ሐረር፣ ሸዋ በር ላይ ነው፤ ስለ ጅብ ግን አይደለም። ሐረር በተነሣች ቁጥር ጅብ ካልገባበት ቅር የሚለው ሰው ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለኝ። የዛሬው ስለ ስድስት ሃርድ ዲስክ፣ ስለ አንድ አሮጌ ሰርቨርና ክንድ ስለማትሞላ ገመድ ነው።

ሸዋ በርን ለማታውቁት ልንገራችሁ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ከተማቸውን በጀጎል ግንብ ሲያጥሩ ከተዉላት አምስት በሮች አንዱ ነው፤ ሐረሪዎቹ አስማዲን በሪ ይሉታል። ግንቡን ከነከተማው ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ለእኛ ወሬ የሚያስፈልገን ግን ከበሩ ውጭ ያለው ገበያ ነው። ሽንኩርቱ፣ በርበሬው፣ ሰልባጁ፣ ድስቱ፣ ባትሪ ድንጋዩ፣ ሁሉም ጎን ለጎን ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ መሀል አንድ ሰው ሸራ ዘርግቶ ያገለገለ ኤሌክትሮኒክስ ይሸጣል፦ ቻርጀር፣ ሪሞት፣ ፊቱ የተሰነጠቀ ታብሌት፣ የላፕቶፕ ሆድ ዕቃ። ዕቃው ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ እዚያ ሰፈር ነውር ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰፈሩ ‹ኢንጂነር› የሚለው ልጅ እዚያ ሸራ ላይ አጎንብሷል። ዲግሪ ይኑረው አይኑረው የጠየቀው የለም፤ የተበላሸ ነገር ሰጥተውት ሠርቶ ከመለሰ ሐረር ሌላ ማስረጃ አትፈልግም። ከክምሩ ሥር ሁለት ሃርድ ዲስክ መዞ አወጣ። ነጭ ወረቀት የተለጠፈባቸው፣ እያንዳንዳቸው 8 ቴራባይት የሚይዙ ናቸው።

«ተዋቸው አቦ! ሬሳ ናቸው» አለው ባለሸራው። «ወላሂ እኔ ራሴ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ አይቻቸዋለሁ። ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ።»

«በስንት ትሰጠኛለህ?»

«ለሬሳ ደግሞ ምን ዋጋ አለው! የዛሬ በርጫዬን ቻለኝና ውሰዳቸው።»

ኢንጂነር ሳይከራከር ከፈለ። ሸዋ በር ላይ ሳይከራከር የከፈለ ሰው ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ።

የሚያውቀው ነገር ይኼ ነበር። ሳታ የሚባለው ዲስክ ጫፉ ላይ ሁለት መሰኪያ አለው፤ ጠባቡ ሰባት እግር ያለው የመረጃ፣ ሰፊው አሥራ አምስት እግር ያለው የኃይል ነው። ከኃይሉ እግሮች የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ 3.3 ቮልት እንዲቀበሉ የታሰቡ ነበሩ። ትልልቆቹ ዲስኮች ግን በ5 እና በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ለዓመታት ማንም ሳይነካቸው ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የሳታ ደንብ ለሦስተኛዋ እግር አዲስ ሥራ ሰጣት፦ በእሷ በኩል ኃይል ሲመጣ ዲስኩ ይጥፋ። ነገሩ የታሰበው በሺህ የሚቆጠር ዲስክ ለሚያስተዳድሩ የመረጃ ማዕከሎች ነው፤ አልንቀሳቀስ ያለ ዲስክ ሲኖር ሰው ሳይልኩ ከሩቅ አጥፍተው እንዲያበሩት። እንዲህ ያለውን ዲስክ በዱሮ የቤት ኮምፒውተር ላይ ስትሰኩት ፓወር ሰፕላዩ እንደ ልማዱ 3.3 ቮልቱን ይልካል። ዲስኩ ደግሞ ‹ጥፋ› ተብያለሁ ብሎ ዝም ይላል። አልሞተም፤ ትእዛዝ እያከበረ ነው።

ኢንጂነር ቤቱ ገብቶ ምላጭና ናስትሮ አወጣ። ከናስትሮው ስንጥር የምታህል ቁራጭ ቆረጠና ትንፋሹን ውጦ ሦስቱን እግሮች ብቻ ሸፈነ። አራተኛውን እንዳይነካ ተጠንቅቋል፤ እሱ የመሬት መስመር ነው። ሰካ፤ አበራ። መጀመሪያ ቀጭን ፉጨት፣ ቀጥሎ የሚያድግ ጉርምርምታ፣ በመጨረሻ ራሱ ከማረፊያው ሲነሣ የሚሰማው ‹ጠቅ›። ሁለተኛውም እንዲሁ። ለአንድ ከሰዓት በርጫ ዋጋ 16 ቴራባይት።

ዲስኮቹን የሚጠብቃቸው ሰው ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር አጠገብ ነበር። ሐጂ እንበላቸው፤ ሁሉም እንዲያ ነው የሚጠራቸው። የሠርግ ቪዲዮ ቤት አላቸው። ከቪኤችኤስ ካሴት ዘመን ጀምሮ የሐረርን ሙሽሮች ሲቀርጹ ኖረዋል፤ ካሴቱ ሲዲ፣ ሲዲው ኤክስተርናል ዲስክ እየሆነ መጣ። ባለፈው ክረምት አንዱ ኤክስተርናል ከጠረጴዛ ወድቆ የአራት ሙሽሮችን ሠርግ ይዞ ቀረ። ከአራቱ አንዷ ልጅ ወልዳ፣ ልጁም ጥርስ አብቅሎ፣ ጠቡን ግን እስከ ዛሬ አልተወችውም። ሐጂም «እንደገና እንዲህ ያለ ነገር ከምሰማ ካሜራውን እሸጠዋለሁ» አሉና ኢንጂነርን ጠሩት። እሱም ከአዲስ አበባ ስምንት የዲስክ ማስገቢያ ያለው ያገለገለ ሰርቨር አስመጣላቸው።

ሰርቨሩ ሸዋ በር ድረስ በፔጆ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለው መተላለፊያ ለሁለት ሰው ትከሻ እንኳ የሚጠብበት ቦታ አለው፤ ስለዚህ ሁለት ወዛደሮች ከፊትና ከኋላ ይዘው በግንቦቹ መሀል አስገቡት። ኢንጂነር ዲስኮቹን አስቀድሞ ከየማስገቢያቸው አውጥቶ፣ በስፖንጅ ጠቅልሎ፣ ለብቻ በዘንቢል ይዞ ከኋላ ተከተለ። ሰርቨር ከነዲስኩ አይሸከሙትም፤ መንገድ ላይ አንዴ ከተንገጫገጨ የሚጎዳው ብረቱ ሳይሆን ውስጡ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣና ልመለስ። በዲስክ ውስጥ የሚያነበው ራስ ሳህኑን አይነካውም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር የሚፈጠረው አየር ያንሳፍፈዋል፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚለካ ነው። ስለዚህ አየሩ ከሳሳ ራሱ ዝቅ ይላል። አምራቾች ብዙውን ጊዜ ዲስካቸውን እስከ 3,048 ሜትር ከፍታ ድረስ ዋስትና የሚሰጡት ለዚህ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከወሰኑ በታች ናት። ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ሰርቨር የሚተክል ካለ ግን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ገበያ ላይ የዋለውን፣ በሂሊየም ተሞልቶ የታሸገውን ዲስክ ይግዛ። የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ የአይቢኤም ራማክ፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ሲወጣ ከቶን በላይ እየመዘነ የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ያንን ወዛደሮቻችን ቢጠየቁ ሸዋ በር ላይ ትተውት ይሄዱ ነበር።

ወደ ወሬያችን። ኢንጂነር ክዳኑን ከፈተ። ከፊት ስምንቱ ማስገቢያዎች፣ ከእነሱ ኋላ ዲስኮቹ የሚሰኩበት ቀጥ ብሎ የቆመ አረንጓዴ ሰሌዳ፣ እሱም ባክፕሌን የሚባለው፣ ከዚያ ማራገቢያዎቹ፣ ከሁሉም ኋላ ማዘርቦርዱ። ማዘርቦርዱ ላይ ስምንት ትናንሽ የሳታ ቀዳዳ አለ። ባክፕሌኑ ላይ ግን ሁለት ሰፊ ቀዳዳ ብቻ፤ እያንዳንዱ አራት ዲስክ በአንዴ የሚያስተናግድ፣ ሚኒ ሳስ የሚሉት። ሁለቱን የሚያገናኘው ገመድ በአንድ ጫፉ ብረት ማቀፊያ ያለው ሰፊ ራስ፣ በሌላው ጫፍ አራት ጅራት አለው። ኢንጂነር ከሰርቨሩ ጋር ሁለት እንዲህ ያለ ገመድ አስመጥቷል። ሰፊውን ራስ ባክፕሌኑ ላይ ‹ጠቅ› እስኪል ገፋው፣ ጅራቶቹን በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካ።

ለኃይሉም ተጠነቀቀ። አንድ ትልቅ ዲስክ ከቆመበት ሲነሣ በ12 ቮልቱ መስመር 2 አምፔር ያህል ይስባል፤ ስድስቱ በአንድ ጊዜ ሲነሡ 12 አምፔር፣ ማለትም 144 ዋት። ይኼን ሁሉ በአንድ ቀጭን ማስቀጠያ ላይ ማንጠልጠል ቤት ማቃጠል ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ ፕላስቲኩ በሽቦው ላይ ቀልጦ የተጋገረው ርካሽ የኃይል ማስቀጠያ ስንቱን ኮምፒውተር አሳርሯል! ኢንጂነር ያንን ወርውሮ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚወጡትን ሁለት ወፍራም መስመሮች ለባክፕሌኑ ሰጠ።

ስድስቱ ዲስኮች፣ ሁለቱ የሸዋ በር፣ አራቱ አዲስ፣ ገቡ። በየትሪያቸው ፊት ላይ መለያ ቁጥራቸውን በማርከር ጻፈ። ይኼን ብዙ ሰው ይንቀዋል። ሊኑክስ ለዲስኮች የሚሰጠው ስም ማሽኑ ተነሥቶ በወደቀ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል፤ አንድ ዲስክ ሲበላሽ ‹የትኛው ነው?› ለሚለው ጥያቄ መልሱ ያ በማርከር የተጻፈው ቁጥር ብቻ ነው።

አበራ። ማራገቢያው ጮኸ፤ የሰፈሩን የልብስ ሰፊዎች መኪና ሁሉ አስናቀ። ስድስቱም ዲስክ ሲሽከረከር ይሰማል። ስክሪኑ ላይ ግን አንድም ዲስክ የለም።

«ኸይር ነው?» አሉ ሐጂ።

«ኸይር ነው ሐጂ፣ ትንሽ ይታገሱኝ።»

ባዮሱን ገብቶ ፈተሸ። ጅራቶቹን ነቀነቀ። አንዱን ዲስክ አውጥቶ በተራ የሳታ ገመድ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ሰካው፤ ወዲያው ታየ። ተመልሶ ባክፕሌኑ ላይ ሲያስገባው ጠፋ። እንግዲህ ዲስኩ ደህና፣ ማዘርቦርዱ ደህና። ባክፕሌኑ ሞቷል ማለት ነው? ጊዜው ወደ በርጫ እየደረሰ ነው። ከጎረቤት ምንጣፉ ተነጥፏል፣ የቡና ቅጠሉ ቁቲ ተፈልቷል፣ የሰፈሩ ጎልማሶች አንድ አንድ እያሉ እየመጡ፣ አንገታቸውን በበሩ አስግገው ምክር ይለግሳሉ። አንዱ «ዲስኩ የሸዋ በር ስለሆነ ነው» አለ። ሌላው «አጥፍተህ አብራው» አለ። ይኼኛው ምክር በዓለም ላይ የማይነገርበት አገር የለም።

ኢንጂነር ስልኩን አውጥቶ ድሬዳዋ ያሉ የዱሮ መምህሩ ጋ ደወለ።

«ጋሼ፣ ባክፕሌኑ የሞተ ይመስለኛል።»

«ቆይ፣ ቸኩለህ አትቅበረው። የገመዱ ሰፊ ራስ የተሰካው የት ነው?»

«ባክፕሌኑ ላይ።»

«አራቱ ጅራቶችስ?»

«ማዘርቦርዱ ላይ።»

«ገመዱን ስታስመጣ ምን ብለህ ነው ያዘዝከው?»

«ሚኒ ሳስ ወደ ሳታ አልኳቸው።»

መምህሩ ሳቁ። «አየህ፣ እሱ የተሠራው ሰፊው ራስ መቆጣጠሪያ ካርድ ላይ፣ ጅራቶቹ ዲስኮች ላይ እንዲገቡ ነው። አንተ ገልብጠህ ሰካኸው። አሁን አፍ ለአፍ ገጥመሃቸዋል፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሰሚ የለም።»

ነገሩ ይኼ ነው። ከሳታ ሰባት እግሮች ሦስቱ መሬት ናቸው። ከቀሩት አራቱ ሁለቱ መላኪያ፣ ሁለቱ መቀበያ። የአንዱ መላኪያ ከሌላው መቀበያ ጋር መግጠም አለበት። ባለ አራት ጅራቱ ገመድ ይኼን ማጋጠም የሚሠራው በሽቦው ውስጥ ስለሆነ አቅጣጫ አለው። ከካርድ ወደ ዲስክ የሚሄደውን ሻጮች ‹ፎርዋርድ›፣ ከማዘርቦርድ ወደ ባክፕሌን የሚሄደውን ‹ሪቨርስ› ይሉታል። መሰኪያው አንድ፣ ቀለሙ አንድ፣ ርዝመቱ አንድ። ‹ጠቅ› የሚለውም እኩል ነው። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው የሠራቸው ሰው ራሱ አይለያቸውም። ተሳስታችሁ ብትሰኩት አይጨስም፣ አይቃጠልም፣ ስሕተት ብሎም አይጽፍላችሁም። ዝም ነው የሚለው። የእኔ ፍርድ ከተጠየቀ፣ ይኼን ገመድ ያለ ምልክት ለገበያ ያወጣ ሰው ሠርጓ ከጠፋባት ከዚያች ሙሽራ ጋር አንድ ቀን እንዲውል ቢፈረድበት አይበዛበትም።

በነገራችን ላይ ከዚህ በፊት የነበረው ዘመን የተሻለ አልነበረም። አርባ እግር የነበረውን ጠፍጣፋ የአይዲኢ ሪባን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ በአንድ ገመድ ሁለት ዲስክ፣ አንዱን ጌታ ሌላውን ባሪያ ለማድረግ ጥፍር የማታህል ጃምፐር በወረንጦ እየነቀሉ መትከል። ከወደቀች የምትገኘው ቤት ሲጠረግ ነው። ሳታ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲመጣ ያንን ሁሉ ገላገለን። የሰርቨር ወገን የሆነው ወንድሙ ሳስ ደግሞ አንድ ደግ ነገር አለው፦ የሳታ ዲስክ የሳስ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ የሳስ ዲስክ ግን የሳታ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ መሰኪያው መሀል ላይ ተደፍኗል። ለገመዱም እንዲህ ያለ ድፍን ቢያስቡለት ምን ነበረበት!

ትክክለኛው ገመድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ መጣ። ተሰካ። ስድስቱም ዲስክ ታየ።

አሁን ጥያቄው ስድስቱን እንዴት እናጣምር ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ፓተርሰን፣ ጊብሰን እና ካትስ የተባሉ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ርካሽ ዲስኮችን አደራጅቶ፣ አንዱ ቢሞት ሌሎቹ እንዲሸፍኑለት የሚያደርገውን ሬይድ የተባለ ሐሳብ በጽሑፍ አወጡ። ኢንጂነር ሬይድ 5ን ተወው። እሱ የአንድ ዲስክ ሞት ብቻ ይችላል። አንዱ ሞቶ በአዲስ ሲተካ የቀሩትን አምስቱን ዲስኮች፣ 40 ቴራባይት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ ግድ ነው፤ ለቤት ተብለው የሚሠሩ ብዙ ዲስኮች ደግሞ በ12.5 ቴራባይት ንባብ አንድ የማይነበብ ቦታ ቢገኝ አምራቹ አይጠየቅም። ስለዚህ ሬይድ 6 አደረገው። ከ48 ቴራባይቱ 16ቱ ለጥበቃ ይሄዳል፣ 32 ለሠርግ ይቀራል፣ ሁለት ዲስክ ቢሞት እንኳ ሙሽራዋ አትነካም።

ሐጂ በወሬ የሚያምኑ ሰው አይደሉም። «አሳየኝ» አሉ።

ኢንጂነር የአንድ ሠርግ ቪዲዮ ከፈተ። ሴቶቹ ነደባ በሚባለው ቀይ መደብ ላይ ተደርድረው፣ ከበላያቸው ግድግዳው በሙሉ ሞሰብ፣ ከበሮው ይመታል። «ሐጂ፣ ደስ ያለዎትን ዲስክ ይንቀሉ።» ሐጂ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቢስሚላህ ብለው ሦስተኛውን ትሪ ሳቡት። ከበሮው ቀጠለ። «አንድ ይድገሙ።» አምስተኛውን ሳቡ። ከበሮው ቀጠለ። ሐጂ ሁለቱን ዲስክ በሁለት እጃቸው ይዘው ስክሪኑን አዩና ዲስኮቹን መልቀቅ አቃታቸው።

«ሦስተኛ ዲስክ ብነቅልስ?»

«ሦስተኛ ዲስክ ከነቀሉ ሠርጉ እዚያው አበቃ። ቤቱን ጎርፍ ቢገባው፣ ሌባ ቢመጣ፣ አንድ ሰው ተሳስቶ ቢደመስስም እንደዚያው ነው። ሬይድ ማሽኑ እንዳይቆም ነው እንጂ ቅጂ አይደለም።»

ይኼን ለሐጂ ለማስረዳት ብዙ ቃል አላስፈለገም። ሐረር በእጅ የተገለበጠ ቁርኣንና የመጽሐፍ ጥራዝ ያረጀባት ከተማ ናት። ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ውስጥ አቶ አብደላ ሸሪፍ በግላቸው ያቋቋሙት ሙዚየም ሄዳችሁ ካያችሁ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የእጅ ጽሑፎችና በካሴት የተሰበሰቡ የዱሮ ዘፈኖች ታገኛላችሁ። «ገባኝ» አሉ ሐጂ፤ «አንድ ቤት ብቻ ያለ መጽሐፍ አለ አይባልም።» ሁለተኛው ቅጂ ድሬዳዋ ልጃቸው ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ሒሳብ ሲዘጋ ሐጂ የዲስኮቹን ዋጋ ጠየቁ። ኢንጂነር አልዋሸም፤ የአራቱን ነገራቸው፣ የሁለቱንም ነገራቸው። ይልቁንም በኩራት ነው የነገራቸው፣ ናስትሮውን ጭምር እያሳየ።

ሐጂ ዝም ብለው አዳመጡና «ሰውዬው ሬሳ ናቸው ብሎ ሸጠልህ» አሉ፤ «አንተ ግን በሕይወት መኖራቸውን እያወቅህ ገዛህ። እንደዚያ ነው?»

«ማወቅ ሥራዬ ነው ሐጂ። እሱ አላወቀም።»

«ዕውቀትህን እኔ ከፍዬሃለሁ። የእሱን አልከፈልከውም። እኔ ቤት የሙሽሮች አደራ ነው ያለው፤ በዚህ ዲስክ ላይ አላስቀምጥም።»

ጎረቤቶች በዚህ ሁለት ተከፈሉ። ገበያ ገበያ ነው፣ ሻጩ ዕቃውን ማወቅ ነበረበት ያሉ አሉ። እኔ ከሐጂ ጋር ነኝ። ኢንጂነር አቀርቅሮ ወደ ሸዋ በር ወጣና ለባለሸራው እውነቱን ነግሮ፣ ያገለገለ 8 ቴራባይት ዲስክ ከሚያወጣው ዋጋ ግማሹን ቆጠረለት። ባለሸራው መጀመሪያ ተጠራጠረ፤ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ገዢ አይቶ አያውቅም። ሲገባው ግን ከገንዘቡ ይልቅ ናስትሮው ነበር የያዘው። «አሳየኝ አቦ!» አለና ከሸራው ሥር ሌሎች ‹ሬሳዎች› አወጣ።

እናንተም ሸዋ በር ስትሄዱ በበርጫ ዋጋ ዲስክ አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ፤ ሰውዬው ዛሬ ምላጭና ናስትሮ ከኪሱ አይለይም። ገመድ የምታስመጡ ከሆነ ግን ስሙን ብቻ ነግራችሁ አትዘዙ። ሰፊው ራስ የት እንደሚሰካ፣ አራቱ ጅራቶች የት እንደሚገቡ ለሻጩ አስረዱት፤ ካልገባውም ከሌላ ግዙ።